የረቡዕና የዓርብ ሰው

እንቁ ባሏን የማትቆጣበት ቀን የለም፤ ረቡዕና ዓርብ ግን የምትቆጣበት ምክንያት ታጣለች። ምክንያት ማጣቷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያበግናታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሀብቱ ሰኞና ማክሰኞ ከአልጋው ተነሥቶ ደጅ እስኪደርስ ጀንበሯ ከፍ ትላለች። እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል፤ ቀኝ እጁ ወንፊት እንደያዘ ሰው እጅ ይርገበገባል፤ ፊቱ አይስቅም፣ አይቆጣም። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምትቆልፍለት እሷ ናት። ረቡዕ ሲመጣ ያው ሰው በገዛ እጁ ጋቢውን ደርቦ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ሐሙስ ተመልሶ ግንድ ይሆናል። ዓርብ እንደገና ይነሣል።

«ለቅዳሴ ሲሆን እግር አለህ፤ ድንች ለመቆፈር ሲሆን የት ትጥለዋለህ?» ትለዋለች።

ሀብቱ ሳይታመምም የሚመልስ ሰው አልነበረም።

እንቁ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ያረጀች ሴት ናት። አራት ልጆች አሳድጋ አራቱንም ለከተማ ሰጥታለች። ገበያ ላይ በአማርኛ ትከራከራለች፤ ንዴቷ ሲበረታ ወደ አዊኛ ትዞራለች፤ ያን ጊዜ መንደሩ ራሱ ዝም ይላል። ባጃጅ ሲዘገይ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ሁሉም በእሷ ላይ የተዶለተ ይመስላታል። የማያናድዷት ዶሮዎቿ ብቻ ናቸው። የእሷ ዶሮዎች እንቁላል አስኳሉ ቀይ ነው፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ከእሷ ዘንድ ይልካል። ታዲያ የራሷን በሽተኛ እንቁላል ልትነፍገው ኖሯል?

በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን የነገራቸው ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ወንበሩን አስጠግቶ እንዲህ ብሎ አስረዳቸው፦ «ሰውነታችን የተሠራባት ትንሿ ነገር ሴል ትባላለች። በውስጧ ሥራ የሚሠራላት ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ያረጃል፣ ይጣመማል። ጤነኛ ሴል ያረጀውን አፍርሳ ስብርባሪውን ለአዲስ ሥራ ታውለዋለች፤ እናንተ አሮጌ ቤት ስታፈርሱ ደህና ደህናውን እንጨት መርጣችሁ አዲስ እንደምትሠሩበት ማለት ነው። በእርሳቸው አንጎል ውስጥ ግን ይህ የማፍረስ ሥራ ሰነፈ። ያረጀው ፕሮቲን ሳይፈርስ ተጠራቀመ፤ እጅና እግርን የሚያዝዙት ሴሎችም እየሞቱ ነው።»

«እና አፍርሱታ!» አለች እንቁ።

«የሚያፈርስ መድኃኒት ገና የለንም እናቴ። ይህ ክኒን የጎደለውን እየተካ እንቅስቃሴያቸውን ያግዛል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይውሰዱ።»

ከምግብ በፊት ያለውን እንቁ በሚገባ ሰምታለች። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ሀብቱ ክኒኑን በባዶ ሆዱ በዋጠ ቁጥር አስመለሰው። ጎረቤቷ ደጊቱ ይህን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዲህ ያለ ብርቱ መድኃኒት በባዶ አንጀት? ልትገድይው ነው እንዴ? እንቁላልና ወተት አስቀድሚበት እንጂ!» አለች። እንቁም አስቀደመች። ማስመለሱ ቆመ። መንደሩ በሙሉ ደጊቱን መረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ወተት ይዞ ይመጣል፤ በጠዋት የሚመጣው ደግሞ ሀብቱ እስኪጠጣለት ድረስ ከደጃፉ አይነሣም። ከሳምንቱ ወተት የማይመጣባቸው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ናቸው። በጾም ቀን ሀብቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ የነፍስ አባቱ የፈቀዱለት ክኒኑን የሚያወርድባት አንድ ጉንጭ ውሃ ናት። መጀመሪያ ይህም ያቅለሸልሸው ነበር፤ እየቆየ ሆዱ ለመደው።

ከማስታመሙም በላይ እንቁን ያቃጠላት ግን ዳማው ነው። ዳማ የፈረሱ መልክ ነው፤ ሀብቱ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሀብቱ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ አባቱም ነበር። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት ቀን ለጊዮርጊስ በዓል ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ሜዳ ይወጣል። ከታመመ ወዲህ ዳማው ቆሞ ይበላል። ድርቆሹን የምታጭድ እንቁ፣ ውሃ የምታጠጣው እንቁ፣ ግርግም የምትጠርግ እንቁ።

«ሽጠው!» ትለዋለች። «የማትቀመጥበትን ፈረስ ምን ልሁን ብለህ ነው የምትቀልበው?»

በመጨረሻ የሀብቱ ታናሽ ወንድም ምንይችል መሐል ገባና ቃል አስገባው፦ ለጥር ሃያ ሦስት ሀብቱ በራሱ ጉልበት ኮርቻው ላይ ከወጣ ዳማው አይሸጥም፤ ካልወጣ ምንይችል ጫግኒ ላለ ገዢ ይነዳዋል። ሀብቱ ራሱን ነቀነቀ። እንቁም በልቧ ተገላገልኩ አለች።

ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ፤ ሀብቱም ተነሣ።

እንዲያው ዝም ብሎ ተነሣ። በጾሙ አጋማሽ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ ጀመር። ወደ መጨረሻው ዳማውን በራሱ እጅ ጭኖ፣ ወጥቶበት በግቢው ዞረ። ደጊቱ እልል አለች፤ ጾሙ ነው አለች፣ ጸሎቱ ነው አለች። እንቁ ፈረሱ ላይ ሲዞር አጥር ተደግፋ አየችው፤ ያ የማይስቀው ፊቱ ስቆ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ድርቆሹን ጨመር አድርጋ ማጨድ ጀመረች።

ገና ዋለ። በግ ታረደ። እንቁ ከደስታዋ የተነሣ አልሰሰተችም፤ ሙሉ ጾሙን የተጠራቀመውን እንቁላል ጠዋት ጠዋት ትቀቅልለት፣ ወተቱን ታፈላለት ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ሀብቱ ከአልጋው መውረድ አቃተው።

«ምን አድርጌህ ነው?» ብላ ጮኸችበት። «ሳስርብህ ትሮጣለህ፤ ሳበላህ ትወድቃለህ! እኔን ለማዋረድ ነው?»

ሀብቱ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፁ አልወጣም። ዓይኑ ግን ግርግሙ ያለበት ግድግዳ ላይ ነበር። እንቁ ያን ዓይን አየችና መጮኋን ተወች። ምንይችልም በማግሥቱ መጥቶ፣ የጫግኒው ሰው ከጥር ሃያ ሦስት በኋላ ፈረሱን ለመረከብ እንደተዘጋጀ እያፈረ ነገራት።

ባሕር ዳር ለመሄድ ከዳንግላ ወዲያ ያለው መንገድ ተዘግቷል። ለሐኪሙ ለመደወል ኔትወርክ የለም። እንቁ መንገዱንም ኔትወርኩንም በአዊኛ ከሰደበች በኋላ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደች፤ የሀብቱን ክኒን የምትገዛው እዚያ ካለች መድኃኒት ቤት ነው። ባለሙያዋ ምሥራቅ ትባላለች።

«ክኒኑ አለቀባችሁ?» አለቻት ምሥራቅ።

«ክኒኑስ አለ፤ ሥራው ነው የጠፋው።»

«በምንድን ነው የሚወስዱት እናቴ?»

«በእንቁላልና በወተት ነዋ! በምን ልስጠው ታዲያ፣ በጠላ?»

«በጾም ቀንስ?»

«በጾም ቀንማ በአንድ ጉንጭ ውሃ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሌላ ነገር በአፉ አይዞርም።»

ምሥራቅ የያዘችውን ፓኬት አስቀመጠች። «ረቡዕና ዓርብ ይሻላቸዋል አይደል?»

እንቁ ክው አለች። «ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ እኮ። እንቁላልና ወተት ፕሮቲን ነው። ሆድ ውስጥ ይፈርስና አሚኖ አሲድ የሚባል ደቃቅ ነገር ይሆናል። ያ ደቃቅ ነገር ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፍበት በር አለ። ይህ ክኒን ደግሞ የሚያልፈው በዚያው በር ነው። የመናኸሪያውን ሚኒባስ አይተውት የለ? እንቁላሉ ተጋፍቶ ይገባል፤ ክኒኑ ውጭ ይቀራል።»

እንቁ ፈነዳች።

«አንጎሉ ውስጥ ያለው አልፈርስ ብሎ አስቸገረን፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ፈርሶ ያስቸግረናል? ይሄ ፕሮቲን የሚሉት ነገር ምን በድለነው ነው?»

ምሥራቅ ሳቀች፤ እንቁ ግን አልሳቀችም። እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች አሰበች። ድምፁ ሳይወጣ የቀረውን ባሏን፣ በገዛ እጇ እየላጠች ያጎረሰችውን እንቁላል አሰበች።

«ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል እቤቴ አይገባም!» አለች።

«ኧረ እንዳያደርጉት! ሰውነት ፕሮቲን ከውጭ ሲያጣ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ነው የሚበላው፤ ከስተው ይቀሩብዎታል። ጠዋትና ቀን ክኒኑን በውሃ ያስቀድሙ፤ ቆየት ብለው ቀለል ያለ ነገር ይብሉ። ካቅለሸለሻቸው ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። እንቁላሉን ለማታ ያድርጉት። ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ለሐኪማቸው ይንገሩ።»

ለመንደሩ ማስረዳት ከበሽታው የባሰ ነበር። ደጊቱ በማግሥቱ ጠዋት ወተቷን ይዛ መጣች፤ እንቁ ደጃፉ ላይ ቆማ አላስገባ አለቻት።

«የታመመን ሰው በባዶ ሆዱ? ጨክነሻል እንቁ!»

«ጨክኛለሁ! ማታ ነይ፤ ማታ እንኳን ወተቱን ላሚቱንም ይዘሽ ብትመጪ አልከለክልሽም!»

ደጊቱ አኩርፋ ሄደች። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሀብቱ ክኒኑን በውሃ ዋጠ፤ እንቁ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጁን እጁን ታይ ጀመር። እጁ ቀስ በቀስ ረጋ። ሀብቱ ቁልፎቹን ቆልፎ ተነሣና ወደ ግርግሙ ሄደ። በሐሙስ ምድር! እንቁ እዚያው እንደተቀመጠች ለደጊቱ፣ ለራሷና ለዶሮዎቿ የሚበቃ ስድብ አወረደች፤ ዕንባዋም አብሮ ወረደ። ኔትወርክ ሲመለስ ሐኪሙም ልክ ናችሁ አላቸው።

ጥር ሃያ ሦስት ሜዳው በፈረስ ተሞላ። ዳማው ግላሱን ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ጉንጉን አንጠልጥሎ ቆሟል። ሀብቱ እግሩን እርካቡ ውስጥ አስገባ። ምንይችል ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ እንቁ በክርኗ መታችው። ሀብቱ አንድ ጊዜ ተንጠራራ፤ ተመለሰ። ሁለተኛ ተንጠራራና ወጣ። ከሽማግሌዎቹ ሰልፍ ጋር ሜዳውን ዞረው። አልጋለበም፤ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንቁ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች።

ዞሮ ሲመለስ በራሱ ወረደና የልጓሙን ዛብ ለምንይችል አቀበለው።

«የጫግኒው ሰው አሁንም ይፈልገው እንደሆነ ውሰድለት» አለ።

«ጋሼ፣ ወጥተህ የለ እንዴ! ማን ሽጥ አለህ?»

«ዘንድሮ ወጣሁ። ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ፤ ከርሞ አልወጣ ይሆናል። እኔ ወድቄ ከማየው ቆሜ ልሸኘው።»

እንቁ ሀብቱ ይህን ያህል ሲናገር ከሰማች ቆይታለች። ዛቡን ከምንይችል እጅ መነጨቀችው።

«ሽጥ ብዬ ስለፈልፍ ባጀሁ፤ አልሰማኸኝም። ዛሬ ዝም ስልህ ልትሸጠው? ከርሞ መውጣት ካቃተህ እኔ እስበዋለሁ፤ አንተ አጠገቡ ትሄዳለህ። መሄድም ካቃተህ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ! አሁን ሰዓትህ ደርሷል፤ እጅህን ዘርጋ።»

ከነጠላዋ ጫፍ ክኒን ፈታ አወጣች። ሀብቱ እጁን ዘረጋ፤ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ክኒኑ እንዳይወድቅ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ አፉ ድረስ አደረሰችለት፤ ውሃውንም አስጎነጨችው። ሀብቱ ዋጠና ቀና ብሎ አያት።

«እንቁላሉስ?» አላት።

«ማታ!» ብላ ጮኸችበት፤ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።