የአባቴ ሽጉጥ መለዋወጫ

አባቴ ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን በጥበቃ ኃላፊነት ነው ያረጀው። በፈቃድ የያዛት ሽጉጥ አለችው። እስከማውቀው ድረስ ተኩሶባት አያውቅም። ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርሱን እንደበላ ጥይቶቹን አውጥቶ ሌላ ክፍል ይቆልፍባቸዋል፤ ከዚያ መደቡ ላይ አሮጌ ነጠላ አንጥፎ ሽጉጧን ይፈታታል። እያንዳንዱን ብረት በጨርቅ ይወለውላል፤ እናቴ ለስፌት መኪናዋ የምታስቀምጠውን ዘይት ጠብ እያደረገ ይቀባና መልሶ ይገጥማል። መለዋወጫዎቿ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፦ የካዝናዋ ሞላ፣ የምላጯ ሞላ፣ ጥይቱን ከኋላ የምትመታው ቀጭን ብረት። ይህችን ብረት «መርፌ» ይላታል። ሞላ እስኪሰበር አይጠብቅም፤ መላላት ሲጀምር ይለውጠዋል።

እናቴ አንድ ክረምት መንጋጋዋን ሲያማት ከረመ።

«ለብረቱ የሚያስቡትን ያህል ለጥርሴ ቢያስቡ ምን ነበረበት» አለችው።

«ጥርስ መለዋወጫ የለውም» አላት።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ገበዝ ማርያም አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። አባቴ ሽጉጥ በያዘ ሰሞን እሱም ፈቃድ አውጥቶ የዚያችኑ ዓይነት ያዘ። የእሱ ግን ከነማኅደሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ የምትወርደው ለበዓልና ለሰርግ ነው። እኔ የተዳርሁ ቀን ወደ ሰማይ ተኮሰባት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አባቴን ያይ ጀመር፤ የሙሽሪት አባት ነውና እሱም እንዲተኩስ ነው። አባቴ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ወደ ላይ የሄደ ጥይት ማን ላይ እንደሚወርድ አያውቅም» አለ።

አጎቴ በሰው ፊት ያቀለለው መስሎት አኮረፈ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ለቅሶ ላይ እንኳ ቢገናኙ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር።

አምና አጨዳው እንዳለቀ አንድ ያበደ ውሻ አጎቴ ግቢ ገባ። ጥጃ ነከሰና ወደ አጎቴ ሚስት ዞረ። አጎቴ ሮጦ ሽጉጧን አወረደ፤ ደግኖ ምላጩን ሳበ። ቀጭ ብላ ዝም አለች። ደገመ፤ ቀጭ። ይኼኔ ውሻው ሴትዮዋን ትቶ እሱን ባቱ ላይ ነከሰው። አጎቴ ሽጉጧን በአፈሙዟ ይዞ በእጀታዋ የውሻውን ግንባር አለው፤ ጎረቤት ደርሶ በምሳር ጨረሰው።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። አጎቴ የእብድ ውሻ መርፌውን ሆስፒታል እየተመላለሰ እስኪጨርስ እኔ ቤት አረፈ። አባቴ ወሬውን በሰማ ማግስት ከቡሬ በሚኒባስ መጣ። ቆርቆሮውን ጋቢው ውስጥ ይዞታል።

«እንዴት ሰነበቱ» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ተቀመጠ። ሁለቱም ወለሉን ያያሉ። እኔ ሳያስፈልግ ውሃ አቀረብሁ።

«መርፌዋስ?» አለ አባቴ።

«ጀምሬያለሁ። ክንዴ ላይ ነው የሚወጉኝ። ያማል፤ ግን ይቻላል።»

«የአንቱን አይደለም። የሽጉጧን ነው።»

«ሽጉጥ ደግሞ መርፌ አለው እንዴ?»

«ይዘዋታል?» አለ አባቴ።

ይዟታል። ሚስቱ «የማይሠራ ብረት ቤቴ አያስቀምጡብኝ» ስላለች ከልብሱ ጋር በከረጢት አምጥቷታል። ቤቴ ውስጥ ሽጉጥ ማደሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

አባቴ ጥይቶቹን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝና ፈታታት። ውስጧ በደረቀ ቅባትና በአቧራ ተለጥፎ ነበር። መርፌዋ ዝጋ ጫፏ ተሰብሯል። ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያት። ቆርቆሮውን ከፈተና የራሱን መለዋወጫ መርፌ አወጣ። መርፌዋን ያገኘለት ጡረተኛ መሣሪያ ጠጋኝ ሞቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፈልጎ እንዳጣ አውቃለሁ።

«ሌላ የለዎትም እኮ» አልሁት።

«እኔ ዘንድ ያበደ ውሻ አልመጣም።»

ገጠማት። ምላጯን በባዶው ሳበና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ከእንግዲህ በወር በወሩ እሑድ ይዘዋት ይመጣሉ» አለው።

«ቡሬ ድረስ?»

«ቡሬ ድረስ።»

አጎቴ ሽጉጧን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። «የልጅቱ ሰርግ ጊዜ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ያን ጊዜማ መርፌዋ ደኅና ነበረች» አለ አባቴ።

አጎቴ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ግን ማታውኑ መመለሱን ትቶ አደረ። አንድ አልጋ ነው የሰጠኋቸው፤ ሌላ ትርፍ አልነበረኝም።

አጎቴ ዳነ። ጥጃዋ ሞተች። እሱም በወሩ እሑድ አንድ ጆንያ ድንች ይዞ ቡሬ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አስታጉሎ አያውቅም። ዘንድሮ የአባቴ ዓይን በሞራ እየተጋረደ ነው፤ ሁለቱንም ሽጉጥ የሚፈታታው አጎቴ ሆኗል። አባቴ በጣቱ እየዳሰሰ «ይኼ ደርቋል፤ ይጨምሩበት» ይላል፤ አጎቴም ይጨምራል። ባለፈው ስሄድ አንዲት ሞላ አምልጣ አልጋ ሥር ገባች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው በስልክ መብራት ሲፈልጉ ቆዩ።

«ይተዋት፤ ሌላ አለ» አለ አጎቴ።

«ቢኖርስ?» አለ አባቴ፣ ከአልጋው ሥር።

አጎቴ አገኛት። እናቴ ሁለቱንም እጃችሁን ታጠቡ አለችና ምሳ በላን።