የተሸነፈ ጆንያ ይጎትታል

በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ የነጋዴዎቹ ክለብ የቴኒስ ሜዳ የአፈር ነው። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ከላዩ ቀይ አፈር ተነጥፎበታል። ከጨዋታ በኋላ እርጥብ ጆንያ ጎትተው ካላስተካከሉት በማግስቱ ኳስ አይነጥርበትም። የክለቡ ሕግ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይጎትታል፣ ነጋዴም ይሁን መኮንን።

ሐመልማል ያደገችው እዚያ ነው። አባቷ ደመቀ ከመተማ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው የክለቡ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። እሷ ኳስ ትለቅማለች፤ ሜዳው ባዶ ሲሆን እጀታው በጨርቅ በተጠቀለለ አሮጌ ራኬት ከግድግዳ ጋር ትጫወታለች።

አንድ ቀን የሰሊጥ ነጋዴው የሙዳሲር ልጅ ሰሀር የሚያጫውታት አጥታ ጠራቻት። ሐመልማል አሸነፈቻት። ሰሀር ጆንያውን በእግሯ ገፋችላትና፣ «ብታሸንፊም ብትሸነፊም የምትጎትቺው አንቺ ነሽ» አለቻት። ደመቀ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ጆንያውን ከልጁ እጅ ተቀበለ፤ ወገቡን ይዞ ጎተተ። ሰሀር አጥር ተደግፋ ለስላሳ እየጠጣች፣ «ጥጉን ረሳኸው» አለችው። ተመልሶ ጎተተ።

ሐመልማል አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በክረምት ወደ ባሱንዳ እርሻዎች ለአረም፣ በመኸር ወደ ሀዋታ ለአጨዳ ወረደች፤ በተመለሰች ቁጥር ግድግዳው ላይ ነች። እናቷ ማሬ ባል አግቢ ስትላት፣ መጀመሪያ የምጨርሰው ሥራ አለኝ ትላለች።

ሱዳን ውስጥ የተነሣው ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው ሴት ተጫዋቾች ገዳሪፍ ሲገቡ ክለቡ የመጀመሪያውን የሴቶች ሻምፒዮና አዘጋጀ። ሐመልማል የካርቱሞቹን አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ከመረቡ ማዶ ሰሀር ቆማለች። ሐመልማል ቶሎ ልትጨርሳት ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። ኳሱን አንዴ ቀኝ ጥግ፣ አንዴ ግራ ጥግ እያሳረፈች አስሮጠቻት፤ በመጨረሻም አሸነፈቻት።

ሲያበቃ ሰሀር ራኬቷን ይዛ ወደ አባቷ መኪና አመራች። ሙዳሲር ለደመቀ ጆንያውን በአገጩ አመለከተው፤ ሽማግሌው ከልማድ ብድግ አለ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች ሐመልማል። ጆንያውን ባልዲ ውስጥ ነክራ ሰሀር እግር ሥር ጣለችው። «ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

የካርቱሞቹ ሴቶች በየተራቸው ጎትተው ስለነበር ዓይናቸውን ከሰሀር አልነቀሉም። ሙዳሲር የክለቡን ሊቀመንበር አየ፤ ሊቀመንበሩ መሬት አየ። ሰሀር ጎተተች። ጨርሳ ልትወጣ ስትል ሐመልማል አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ጥጉን ረሳሽው።»

ተመለሰች።

ሐመልማል ከዚያ ወዲህ ከከሰላ ከተማም ከኒው ሀልፋም ዋንጫ አምጥታለች። ደመቀ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራው ስለ ጥጉ ነው።