የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲንና የሚስቴ ዐይን

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሌሎች እንደ ስድብ ስለሚያነሱት ቀድሜ ልበለው ብዬ ነው።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አዲስ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበር። ኦስቲዮፓት ማለት እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ፣ በዚያ ላይ አጥንትና ጡንቻን በእጁ ማከም የተማረ ሐኪም ነው። ያገሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ «የወጌሻ ኮሌጅ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ታክሲ ስነዳ የተቆለፈ ወገቤን የፈታልኝ እንዲህ ያለ ሐኪም ነው። መሥራች ዲን የሚመርጥ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ለታካሚ በተያዘችው አንዲት ወንበር ላይ እንድቀመጥ የጠቆመኝም እሱው ነው።

«እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ?» አልኩት።

«መታመም ታውቃለህ» አለኝ።

ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ገባሁ አልልም። የገባሁት ለሚስቴ ዐይን ነው። ሚስቴ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ስኳር አለባት። የምታውቃቸው ክሊኒኮች ሁሉ እሷ ከሥራ ሳትወጣ ይዘጋሉ፤ በቀን ከሄደች ደግሞ ሺፍት ይቀንሱባታል። «የሚቀጥለው ሳምንት» ስትል፣ «የሚቀጥለው ወር» ስትል ግራ ዐይኗ ጠፋ። የቀረው ቀኙ ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱ ክሊኒክ ይኖረዋል ሲባል አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ማታ ይከፈት። ዲኑ የፈለገው ይሁን።

ለመጨረሻው ኢንተርቪው ሁለት ሰው ቀረ። አንዱ ያገሬ ልጅ፣ እዚያው አቅራቢያ በርክ የሚባል ሰፈር የሚኖር የተከበረ ሐኪም። ሁለተኛዋ ከሌላ ስቴት የመጣች ነጭ ሴትዮ፤ ሰላምታዋን እንኳ ቆጥባ የምትሰጥ ዓይነት። ለሁለቱም ያቺኑ የማታ ክሊኒክ ጥያቄዬን አቀረብኩ።

ሴትዮዋ አሰበች። «በመጀመሪያው ዓመት አልችልም፤ ሐኪም ገና አልቀጠርኩም። በሁለተኛው ዓመት በሳምንት ሁለት ማታ እከፍታለሁ። ውሌ ላይ ይጻፍ» አለች። ተናደድኩባት። ለታመመ ዐይን ዓመት ረጅም ነው።

ያገሬ ልጅ ምንም አላሰበም። «ችግር የለም! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!» አለ። ኮሚቴው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። እነሱ በ«ችግር የለም» አላደጉም። እኔ ግን ስንት ነገር በ«ችግር የለም» ቀርቶብኛል።

ሊፍቱ ጋ ጠብቄ ያዝኩት። «የማታው ነገር ከልብህ ነው?»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! መጀመሪያ ልግባ እንጂ። መስማት የሚፈልጉትን ነው ያልኳቸው፤ ሌላውን ከገባሁ በኋላ እናየዋለን» ብሎ ሳቀ። አብሬው እንድስቅ ጠበቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ለእርቅም ለጋብቻም አልነበረም፤ ለድምፄ ነው። የሚመሯቸው የዕድራችን ሊቀ መንበር፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው።

«ልጃችን ዲን ሲሆን የሁላችንም አንገት ቀና ይላል» አሉ።

«ክሊኒኩን ማታ አይከፍትም።»

«እከፍታለሁ ብሎ የለም እንዴ?»

«ለነሱ ነው ያለው። ለእኔ ሌላ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ በአማርኛ የነገረህን ለፈረንጅ ልታወጣ ነው?»

«አዎ።»

መምህሩ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «አንተ ሰው፣ ፊደል የቆጠርከው ትናንት ነው። ዶክተር የምትመዝነው በምንህ ነው?»

«በጆሮዬ።»

ሚስቴ ሻይ ይዛ እየገባች ነበር። «ጋሽዬ» አለቻቸው፣ «ለልጃችን ክብር ዐይኔን ልስጥ? አንዱን እኮ ሰጥቻለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። መምህሩ ግን ሻዩን ሳይነኩ ተነሡ። «ነገ ሐዘን ቢደርስብህ ማን ይቆምልሃል? እሱን አስብበት።»

«የምታይ ሚስት ትኑረኝ እንጂ የሚቆምልኝ ይቅር» አልኩ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሰማሁትን ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል፤ እየተሰበረ ነገርኳቸው። ሰብሳቢዋ «እሱ እየሰማ ትደግመዋለህ?» አለችኝ። «እደግመዋለሁ» አልኩ። እዚያው ኮል አደረገችለትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ደገምኩት።

«ቀልድ ነበር እኮ» አለ።

«ቀልድ ከሆነ እንደ ሴትዮዋ ውልህ ላይ አስጽፈው» አልኩት።

ስለ ሕንፃው፣ ስለ ጥበቃው፣ ስለ ኢንሹራንሱ ብዙ ተናገረና «በሂደት እንነጋገርበታለን» ብሎ ጨረሰ። ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም በእኔ ነገር ብቻ አልመረጡም፤ የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ሴትዮዋ መሥራች ዲን ሆና ተሾመች፤ ሁለቱ ማታዎችም ውሏ ላይ ገቡ።

ወሬው እኔን ቀድሞኝ ያገሬ ልጆች የሚውሉበት ኮሎምቢያ ሃይትስ ደረሰ። ምሳ የምንበላበት ቤት ስገባ ወንበር ይስቡልኝ የነበሩ ሹፌሮች ስልካቸው ላይ አፈጠጡ። አንዱ «ያገሩን ልጅ ሸጦ መጣ» አለ፣ እንድሰማው ጮክ ብሎ። «ገዢ አላገኘሁም፤ ትወስደዋለህ?» አልኩትና ብቻዬን በልቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ሚስቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

«ሴትዮዋ ተሾመች» አልኳት።

«ማታው መቼ ይጀመራል?»

«በሁለተኛው ዓመት።»

ካውያውን አቆመች። «እስከዚያስ?»

«እስከዚያ በቀን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ሺፍትሽን ከፈለጉ ይቀንሱ፤ እኔ እሑድንም እነዳለሁ።»

«እሑድ እኮ ዕድር አለብህ።»

«አሰናብተውኛል።»

ሳቀች። «ተገላገልክ በለኛ!» አለችና ልብሷን አንሥታ ሰቀለችው። «በል፣ ነገ ጠዋት ታክሲውን አቅርብ።»