በእናቴ የማልኩበት ወረፋ

የካናዳዋ ካልጋሪ ባሕር የላትም። እኔ ግን በዘጠናዎቹ ውስጥ እዚያው ዳውንታውን ቢሮ ቁጭ ብዬ መርከብ አሰልፍ ነበር። በባቡር ቫንኩቨር ወደብ የሚወርደውን የኩባንያችንን ሰልፈር፣ ድኙን ማለቴ ነው፣ የትኛው መርከብ መቼ እንደሚጭን ወረፋ መያዝ ነበር ሥራዬ። ራንድል ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ "ባሕሩን የት ደበቅከው?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ! ያን ዓመት የሆነውን ሳስታውስ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

የወደቡ ሠራተኞች አድማ መቱ። ይምቱ፣ መብታቸው ነው፤ በእነሱ አልተናደድኩም። መርከብ ግን አድማ አለ ብሎ አይቀርም፣ ይመጣል። የሚጭንለት ስለሌለ ወደቡ ደጃፍ ላይ መልሕቁን ጥሎ ይቆማል። ደጃፉ ጢም ብሎ ሞላ። አለቃዬ ጠራኝና "ገና ባሕር ላይ ላሉት ኮል አድርግ። ቀስ ብለው ይምጡ፣ ወረፋቸው አይነካም በላቸው" አለኝ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!

አብዛኞቹ ካፒቴኖች አላመኑኝም። በዚህ ሥራ ወረፋ የሚያዘው ቀድሞ በመድረስ ስለሆነ እየገሰገሱ መጡ። አንዱ ካፒቴን ግን "ያገርህ ሰው እዚህ አለ፣ ለእሱ ንገረው" ብሎ ስልኩን ለመርከቡ መሐንዲስ ሰጣቸው። ከባሕር መሐል አማርኛ ስሰማ ደነገጥኩ። ድምፃቸው የትልቅ ሰው ነው።

"ልጄ፣ የሚተካኝ ሰው የሚመጣው መርከቡ ሊጭን ወደብ ሲገባ ነው። ያኔ ወርጄ አገሬ እገባለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ልድር ነው። ወረፋችን ከተገፋ ሠርጉ ያመልጠኛል። እውነቱን ንገረኝ።"

"ጋሼ፣ ወረፋችሁ አይነካም።"

"ማልልኝ።"

"እናቴ ትሙት!"

በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ "አይ ፕሮሚስ" ብዬ እገላገል ነበር። እኛ ዘንድ ግን እንዲያ አይሆንም፤ ካልማልክለት አያምንህም፣ ከማልክለት ደግሞ በቃ፣ አለቀ። ጋሼ ለካፒቴናቸው "ይሄ ልጅ አይዋሽም" አሉት፤ መርከቡም ፍጥነቱን ቀነሰ።

አድማው ሲያበቃ ሰልፉን በተባለው መሠረት አዘጋጀሁ። አለቃዬ አየና የጋሼን መርከብ ወደ መጨረሻ ገፋው። ቦታውን ገስግሶ ለደረሰ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ መርከብ ሰጠ።

"አንተው ራስህ አይደለህም 'ወረፋቸው አይነካም በላቸው' ያልከኝ?"

"በአፍ ነው እኮ። የፈረምኩት ነገር አለ?" አለኝ እየሳቀ። እየሳቀ!

ጠረጴዛውን በጡጫ ስመታው ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ካልም ዳውን" ይለኛል ደግሞ። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው በሉ! ወደቡ ደወልኩ፣ ደንበኛው ጋ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩ። ከምንም የቆጠረኝ የለም።

ለጋሼ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ! "እሺ፣ ልጄ" ብቻ አሉ።

የሠርጉ ዕለት ገና በማለዳ ቢሮ ገባሁ። ከመርከቡ ሬዲዮ ስልክ አዲስ አበባ መደወል ስላልተቻለ፣ በአንዱ ስልክ እሳቸውን፣ በሌላው ልጃቸውን አገናኝቼ የአንዱን መነጋገሪያ ከሌላው ማዳመጫ ጋር ገጥሜ በሁለት እጄ ያዝኩ። ከወዲያ ከበሮና እልልታ ይሰማል። ከወዲህ ጋሼ "ውለጂ፣ ክበጂ" እያሉ ይመርቃሉ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አለቃዬ ገባና "ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው?" አለኝ።

"ዝም በል!" አልኩት።

ከበሮው ቆመ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ነው።

"አባዬ" አለች፣ "የማንን ጉልበት ስሜ ልውጣ?"