ልጆች ያልገቡበት ትምህርት ቤት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ነን። ልጄ ሰብለ፣ የግንባታ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ። ሾፌሩ ሙሉቀን። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደሳለኝ። የመንደሩ አሮጊት እማማ ጥሩወርቅ። እኔ ደግሞ ማንበብ ራሴን ያስተማርኩ የደብረ ማርቆስ አናጢ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ሰብለ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለች ቀበሌ ያሠራችውን ትምህርት ቤት ለማስረከብ ልትፈርም ነው። "አባባ፣ ከመፈረሜ በፊት በሮቹን ይዩልኝ" ብላ ወሰደችኝ።

ደብረ ኤልያስ ላይ ሽሮ በላን፤ ለሦስታችን ሁለት መቶ አርባ ብር። ሙሉቀን የሃያ ብር ግብጦ ገዝቶ እየቆረጠመ ነዳ። ከከተማው ስንወጣ ጉሙ ወረደ። የታጨደው ማሳ፣ ክምሩ፣ መንገዱም ጠፋ።

የደረስነው የልጆች ድምፅ ሰምተን ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለአዲሱ ሕንፃ ሰጥተዋል። በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ውስጥ ባዶ ዴስክ ተደርድሯል።

"ለምን አልገቡም?" አለች ሰብለ።

"ፀሐዩ ይሻላቸዋል ብዬ" አሉ አቶ ደሳለኝ።

"የቱ ፀሐይ ጌታው?" አለ ሙሉቀን። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም።

በሮቹን ትቼ በጓሮ ዞርኩ። አንዲት አሮጊት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አኑረው፣ "እንደምን አደርሽ? ብርዱ ጠናብሽ?" ይላሉ።

"ከማን ጋር ነው እማማ?"

"ከእናቴ ጋር። ዝቅ በልና እይ፤ መስቀሉን የቀረጸው አባቴ ነው። ቀና አድርገው እንኳ አላኖሯትም።"

ጎንበስ አልኩ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው መስቀል ተዘቅዝቋል። ከጎኑ ሌላ መስቀል አለ። ከዚያም በላይ ሌላ።

አቶ ደሳለኝን ይዤ ጠየቅሁ። ድንጋዩ የሕዝቡ መዋጮ ነበር። ወቅቱ አጨዳ ሆነ። ሰብለ ደጋግማ እየደወለች፣ "እስከ ዓርብ ካልቀረበ ገንዘቡ ይመለሳል" አለች። ሰዎቹም ታቦቱ ወደ ሌላ ደብር ከሄደ ወዲህ ማንም የማይቀበርበትን አሮጌ መካነ መቃብር አሰቡ።

"የመቃብሩን ድንጋይ ተሸክመን ያመጣነው እኛው ነን" አሉ። "ሁሉም የሌላ ሰው ዘመድ መቃብር መስሎት ነበር። አሁን ልጆቹ ስማችን ከውስጥ ይጠራል ይላሉ።"

እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። ገብቼ ቆምኩ። የጠራኝ የለም። ነገር ግን ጀርባዬን ለግድግዳው መስጠት አልቻልኩም።

ሰብለ ሁሉንም ሰምታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። "አባባ፣ ከፈረምኩ ሥራው ያልቃል። ካልፈረምኩ የኔ እንጀራ ያልቃል።"

"ያጣደፍሻቸው አንቺ ነሽ" አልኳት። ለልጄ ብዬ አላለዘብኩትም። "ድንጋዩ ከየት መጣ ብለሽ ጠየቅሽ?"

"ደረሰ ወይ ብቻ ነው የጠየቅሁት።"

በርክክቡ ወረቀት ላይ "አላስረከብኩም" ብላ ምክንያቱን ጻፈች። እማማ ጥሩወርቅ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም፤ ወሬያቸውን ቀጥለዋል።

ወደ ማርቆስ ተመለስን። ቤት ገብቼ ስተኛ የገባኝ ይህ ነው፦ ሥራ የሚመራ ሰው ቀኑ መድረሱን ብቻ ሳይሆን፣ ቀኑ እንዲደርስ ሰዎች ምን እንዳደረጉ የማወቅ ግዴታ አለበት። ሳይጠይቅ የቀረ፣ አላውቅም ነበር ቢል አልቀበለውም፤ ልጄም ብትሆን።

በኋላ ግድግዳው ፈረሰ፤ ድንጋዮቹም በፍትሐት ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሰብለ ከሥራ ተሰናበተች። መልሶ መገንባቱ አራት መቶ ዘጠና ሺህ ብር፣ የመንደሩ አዲስ መዋጮ መቶ አሥር ሺህ፣ ልጄ ሥራ ፈትታ ያጣችው ደመወዝ ሰማንያ ሺህ፤ በድምሩ ስድስት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር።