የኢፍቱ ፈተናና የእኛ መርዶ

ኢፍቱ ቴአትር መማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ የእድራችንን ድንኳን አብራኝ እያጠፈች ነው። የእድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ የጎረቤቴ የጃለታ ልጅ ናት።

«የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም እኮ ጋሼ» አለችኝ። «ሙዚቃ የሚገባ መሣሪያ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ጆሮው ይፈተናል። ቴአትር የሚገባ ደግሞ ፈታኞች ፊት ይቆምና እዚያው የሰጡትን ይተውናል።»

«ካልተዋጣለትስ?»

«በቃ፣ ወደ ቤቱ።»

ውጤቷ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ አባቷ ነው። ጃለታ ሸጎሌ ከብት ይነግዳል። በሬ ሲገዛ ልቡ እየወደደው ቀንዱን ያጣጥላል፣ ጥርሱን ያንቋሽሻል፤ ካሞገሰው ዋጋ ይጨምርበታላ! ልጁንም ያሳደገው እንደዚሁ ነው። ክፍሏን አንደኛ ወጥታ ስትመጣ «ሌሎቹ ሰንፈው ይሆናላ» ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አካውንቲንግ ካልሆነ ብሏል። «ሰው ማስለቀስ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ነው የሚለው።

«አባ እሺ ካላለ አልገባም» አለች ኢፍቱ። «መጀመሪያ ግን ልለፍ፤ ከዚያ እለምነዋለሁ።»

የፈተናው ቀን ሽሮ ሜዳ አክስቷ ጋ እንደምታድር ተናግራ ወጣች። ጃለታ ሰላሌ በሬ ሊገዛ ሄዷል። ፈታኞቹም፣ በኋላ እንደነገረችን፣ ስልኳን በእጇ አስይዘው «አባትሽ መሞቱን አሁን ሰማሽ፤ እስቲ ቀጥይ» አሏት።

ሌላ ልጅ ብትሆን ትንሽ እንባ ጠብ ታደርግና ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ኢፍቱ ግን የእኛ ሰፈር ልጅ ናት፤ ለቅሶ የምታውቀው ከድንኳናችን ነው። በእኛ ድንኳን ደግሞ ስም ሳይጠሩ ማልቀስ ነውር ነው። ልጅቷ መሬት ላይ ወድቃ «ጃለታ አባቴ! የሸጎሌው ጃለታ!» እያለች ደረቷን መታች።

ከክፍሉ ውጭ መዝገቡ ቆሟል። መዝገቡ የሰፈራችን ሰው ነው፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በጥበቃ ተቀጥሮ ገና ሳምንቱ ነው። ፈተና ማለት ለእሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። በበሩ ስንጥቅ ሲያይ ኢፍቱ ስልክ ይዛ መሬት ላይ ትንፈራፈራለች። ወዲያው ጃለታ ሞተ ብሎ ለእኔ ደወለ።

ለምን እሷኑ አልጠየቃትም ትሉ ይሆናል። እንዴት ተደርጎ! ሐዘንተኛ እውነት ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ደግሞ እኔ ጋ ደውሎ እስኪጨርስ እሷ ሄዳለች። እኔም የጃለታን ስልክ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ሚስቱን ደሳለችን መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ መርዶ እስኪነጋ ከቤተሰብ ይደበቃል። እውነቱን ልትነግረን የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እኛም ተማምለን የደበቅነው ከእሷ ነው።

ከሰዓት ደሳለች ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ ከወትሮው ይበልጥ ፈገግ ብሎ ሰላም አላት። ሲመሽ ወሬው አደገ፤ አንዱ አይሱዙ ተገልብጦ ነው አለ፣ ሌላው አስከሬኑ ሆስፒታል ነው አለ። ማን ነገረህ ያለ የለም። እኔም አላልኩም። እኔማ የድንኳኑን ምሰሶ እየቆጠርኩ አለቀስኩ፤ ጃለታን እወደው ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ሰብሰብ ብለን ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

የከፈተው ጃለታ ነው።

ለካ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ገብቶ ኖሯል። ከኋላ ያሉት ሴቶች እሱን አላዩትምና «ወይኔ!» ብለው እሪታውን አቀለጡት። ጃለታ ፊቴን አየ፣ ነጠላዎቹን አየ። ጎህ ሲቀድ እንዲህ ያለ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዞር ብሎ የልጁን ባዶ አልጋ ተመለከተ።

«ኢፍቱን!» አለና ደጃፉ ላይ ወደቀ።

አይደለም ብለው በእሪታው መሃል አልሰማኝም። እሱ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፦ «ጎበዟ ልጄ! ወይኔ ጃለታ፣ ሳልነግራት! አንድ ቀን እንኳ ሳልነግራት!» ደሳለች በሌሊት ልብሷ ወጥታ አጠገቡ ተደፋች። ያ የከብት ነጋዴ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም አያሳየኝ።

በመጨረሻ መዝገቡ ቀረበ።

«ጋሼ፣ እሷ አይደለችም» አለው። «የሞቱት እርስዎ ነዎት።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጃለታ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ስልኬን አውጥቼ ለኢፍቱ ደወልኩ። «አቤት ጋሼ» ስትል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። ድምጿን ከሰማ በኋላ ስልኩን ተቀብዬ «ቶሎ ነይ» አልኳት።

በመጀመሪያው ታክሲ መጣች። ጃለታ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ፊቷን ዳበሰ። እሷም ሰውን ሁሉ አይታ ስለደነገጠች ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች፤ ፈተናውን፣ ውሸቱን፣ ለሁለተኛው ዙር ማለፏን፣ ያንኑ ለቅሶ ደግማ እንድታቀርብ መታዘዟን። እኔ ጥፊ ጠበቅሁ።

«ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽኝ?» አላት።

«ተወው አባ።»

«በይ ንገሪኝ። ሰፈሩን ያስነሳ ለቅሶ ነው።»

አንገቷን ደፋች። «አንድ ቀን ጎበዝ ሳትለኝ ሄድክ፣ ነው ያልኩት።»

ቅድም ጃለታ መሬት እየደበደበ ያለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። ደሳለች አፏን በመዳፏ ያዘች። ጃለታ ከመዳፉ ላይ አፈሩን አራገፈ።

«ሂጂና ድገሚላቸው» አለ። «እኔ ፈቅጃለሁ። ያቺን ቃል ግን ተያት።»

«ፈታኞቹ የወደዱት እኮ እሷን ነው፣ አባ!»

«ሌላ ፈልጊያ። ጎበዝ ነሽ፤ አታጪም።»

ኢፍቱ አባቷ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ይሄኛውን ማንም ፈታኝ አላየውም።