ከጥያቄው በኋላ ዝም ማለት

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት ወረታ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመለስሁ። አላለቀስሁም። ዘመዶቼ ይሻለዋል ብለው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደውኝ ነበር፤ ውሃው መሞቁን አወቅሁ፣ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነበርሁ። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር እልና "ገባችሁ?" እላለሁ። "አዎ!" ይላሉ። ሰሌዳውን አጥፍቼ እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሴት፣ ገብተው መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ደወል ሲደወል ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ጠሩኝ።

"ዛሬ ስንት ጥያቄ ጠየቅህ?"

"ብዙ ጠይቄያለሁ።"

"አንድም አልጠየቅህ። 'ገባችሁ' ማለት ጥያቄ አይደለም። ሌላውን ደግሞ ራስህ ጠይቀህ ራስህ መለስኸው።"

"ዝም ሲሉብኝ ምን ላድርግ?"

"አንተም ዝም በላ! ጠይቅ፣ ጠብቅ፣ ስም የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ካስቀደምህ ሌላው ልጅ ያርፋል። ሲመልሱልህም ቶሎ 'ጎበዝ' ብለህ አትዝጋው፤ እንዴት እንዳወቁ ጠይቃቸው።"

ስለ እናቴ አንድም ቃል አላነሡም። እኔም አልከፋኝም፤ የሚከፋኝ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ትምህርቱ ስለ ሥር ነበር። ማስታወሻውን ሳልጽፍ ጠየቅሁ፦ "ሽንኩርት ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ሩዝ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የማይበሰብሰው ለምንድን ነው?"

ማንም አልመለሰም። ድሮ ቢሆን ዝምታው ያስጨንቀኝና ራሴ እመልስ ነበር። ያን ቀን ግን የሚጨነቅ ልብ ስላልነበረኝ መጠበቁ አልከበደኝም። በመስኮቱ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ መጀመሪያ ደብተራቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አነሣች።

"አየር ስላለው ነው" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ከአባቴ ጋር የሩዝ ማሳ ሳርም አንዳንዴ ሩዙ አብሮ ይነቀላል። ሥሩን በጣቴ ስጫነው እንደ ስፖንጅ ስርጉድ ይላል። የሽንኩርት ሥር እንደዚያ አይደለም።"

ሦስት አራት ልጆች "እውነቷን ነው!" አሉ። አንዱ ደግሞ "ውሃ ነው እንጂ አየር አይደለም" ብሎ ተከራከራት። እሱንም 'እንዴት አወቅህ?' ብዬ ጠየቅሁት። ክፍሉ ተንጫጫ። የእኔ ሥራ ተራ መስጠት ብቻ ሆነ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ ያ አየር ከየት ነው የሚገባው? ከላይ ውሃ ነው፣ ከታች ጭቃ ነው።"

መልሱን አውቀው ነበር። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውሁት።

"አንቺስ ከየት ይመስልሻል?"

"በቅጠሉ በኩል ይሆን?"

"በምን እናረጋግጣለን?"

"ነገ ከነሥሩ ነቅዬ ላምጣ?" አለችኝ።

"አምጪው" አልኋት።

ያን ቀን ደስታ ተሰማኝ ብል ውሸት ነው። ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተጋደምሁ። ነገር ግን ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለነገ የማስበው ነገር ነበረኝ፦ ያ አየር የሚያልፍበትን ለማየት የሩዙን ግንድ በምላጭ ስንሰነጥቀው ምን ብዬ ልጠይቃቸው?